የአምራቹ በሬዎች፦ ጎጃም ላይ የተሞከረ የወደፊት ዓለም

የሳይንስ ልብወለድ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ ክርክሩን ታውቁታላችሁ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ማሽን ያርሳል፣ ማሽን ይጋግራል። ገንዘብ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሰው የሚሠራው ደስ ስለሚለው ብቻ ነው። አንዱ «ይሆናል» ይላል። ሌላው «የሰውን ልጅ አታውቀውም እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ከዚያ ወሬው ወደ ስግብግብነት፣ ወደ ምቀኝነት፣ ወደ ቃየልና አቤል ይሄዳል። ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ማንም ማንንም ሳያሳምን ይበተናል።

እኔ ክርክሩን ከሩቅ ፕላኔት አውርጄ ጎጃም ላይ ባስቀምጠው ይሻለኛል። እንዲህ ያለው ዓለም እኛው አገር አንድ ጊዜ በደርግ መመሪያ ተሞክሯልና። ሰኔ 1971 ተጀመረ፣ የካቲት 1982 አበቃለት። አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። የአምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይባሉ ነበር። ገበሬው አሳጥሮ «አምራች» ይላቸዋል።

ከአምራች በፊት

ጎጃም የርስት አገር ነበር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል። ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም፣ በአያቶቹም በኩል ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን ካስረዳ መሬት የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ጨርሶ መብት የሌለው የአገሬው ልጅ አይኖርም። ሴት ልጅም ትወርሳለች።

በተግባር ግን ሰው ዕድሜውን በሙግት ይጨርሳል። የዘር ሐረግ የሚቆጥር፣ አፈ ቀላጤ፣ ዘመድ የበዛለት ያሸንፋል። ዝም ያለው መብቱን እንደያዘ በጠባብ ማሳ ላይ ይቀራል። «ለሁሉም ይድረስ» የሚለው ሕግ ነበር፤ ማን ምን ያህል እንደደረሰው የሚወስነው ግን ጉልበትና ምላስ ነበር።

አንድ ነገር ግን ጎጃሜው አይወድም። ከውጭ የመጣ ሰው መሬቱን ሲለካበት አይወድም። በ1960 መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት በዐመፅ ተነሡ። ገበሬው በግብሩ ጀርባ ያየው የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ ቀላዱን ነው። ዛሬ ከለኩኝ ነገ ርስቴን ይወስዱታል አለ። ጦር ሠራዊት ተላከበት፣ አውሮፕላን ሳይቀር። በመጨረሻ ወደ ኋላ ያለው መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እፈልገዋለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ለደቡቡ ጭሰኛ ይህ የምሥራች ነበር። ጎጃም ላይ አብዛኛው ሰው የገዛ ርስቱን ነው የሚያርሰው፤ ስለዚህ እልልታው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ቢሆንም ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ መሬት ተደለደለ። ከአራት ዓመት በኋላ የአምራቾች መመሪያ መጣ።

መመሪያው ምን ይል ነበር?

ሦስት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያው ደረጃ፣ በመልባ፣ ገበሬዎች መሬታቸውን ያቀላቅላሉ። ለየራሳቸው እስከ 2000 ካሬ ሜትር የጓሮ መሬት ይቀርላቸዋል። በሬና ሞፈር ገና የግል ነው። በሁለተኛው፣ በወልባ፣ በሬውም ሞፈሩም ወደ ማኅበሩ ይገባል፤ የጓሮው መሬት ወደ 1000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ሦስተኛው ወላንድ ነው። እዚያ የግል መሬት የለም። ሰው በብርጌድ ተከፋፍሎ ይሠራል፣ እርሻው በማሽን ይሆናል።

ወላንድን ደግማችሁ አንብቡት። ይህ የሳይንስ ልብወለድ ነው። ትራክተር እንደ ልብ በሌለበት አገር የትራክተር ዘመን ሥርዓት አስቀድሞ ተጻፈ። «የእኔ» የሚል የለም፣ የሚራብ የለም፣ ማሽኑ ይደክማል። የደረጃዎቹ ሐሳብ ራሱ ብልጠት ነበረው። ሰውን በአንድ ሌሊት አትለውጡትም፤ በመጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ በሬውን፣ ከዚያ ልቡን ይሰጣል ነው ነገሩ። አብዛኞቹ ማኅበራት ከመጀመሪያው ደረጃ ሳያልፉ ቀሩ።

ማበረታቻም ነበር። አምራች የሆነ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ቀድሞ ያገኛል። ብድር ይቀልለታል፣ ግብር ይቀንስለታል። ለማኅበሩ አንድ ወጥ መሬት ስለሚያስፈልግ ጥሩ ጥሩው ማሳ እየተመረጠ ይሰጠዋል። በዚያ ማሳ ላይ የነበረው ገበሬ ወይ አባል ይሆናል፣ ወይ ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የከፋ፣ ይተካለታል። እኩልነትን ሊያመጣ የተነሣው ነገር ገና ሲጀምር ጎረቤት አስቀየመ።

በሬዎቹን በቅርብ እንያቸው

መልስ ለማግኘት አንድ ነገር ላይ ማተኮር አለብን። በሬ ላይ።

ከአምራች በፊትም፣ በአምራች ዘመንም ከአምራች ውጭ፣ ከአምራች በኋላም ጎጃም ውስጥ መቀናጆ አለ። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም። ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ነው። ስለዚህ አንድ በሬ ያለውን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይቀናጃሉ። ዛሬ በእኔ ማሳ፣ ነገ በአንተ። «አያ እንትና፣ የነገው ቀን የእኔ ነው አይደል?» «ያንተ ነው።» ውሉ ይህ ነው። ወረቀት የለም፣ ሊቀ መንበር የለም፣ ማኅተም የለም።

ግን ሒሳብ አለ። ከባንክ ሒሳብ የጠበቀ ሒሳብ። በእኔ ቀን ዝናብ ከጣለና ካልታረሰ ያ ቀን የማን ነው? የእኔ በሬ ደልቦ ያንተ ከከሳ፣ እኔ በበሬዬ ጉልበት እየረዳሁህ ነው ወይስ እኩል ነን? በሬው ከዋለ በኋላ ገለባውን ማን ሰጠው? ያንተ ማሳ ድንጋያማ ከሆነና ማረሻዬ ከተሰበረስ? ሁለቱም ሰዎች ይህን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘዋል። አንዱ ከበደለ ሌላው በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቀናጃ ይፈልጋል። መጣላት አያስፈልግም፤ «ዘንድሮ ከአማቼ ጋር ነኝ» ይበቃል። ሰውየው ገብቶታል፤ መንደሩም ይገባዋል።

ጨርሶ በሬ የሌለው በጉልበቱ ይከፍላል። አንዳንዴም አቅም ያጣች ባልቴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ አጨድኩ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ደቦ ትንሽ ላላ ይላል። ጠላው ይጠመቃል፣ ምግቡ ይቀርባል፣ እየተዘፈነ ይሠራል፤ ማን ስንት ቀን እንደሠራ ብዙ አይጠየቅም። ቢሆንም ለሰው ደቦ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ራሱ ሲጠራ ማን እንደሚመጣለት አስቡት።

አሁን ያንኑ በሬ ወልባ ውስጥ አስገቡት። በሬው የሁሉም ነው። ሌሊት ሳል ቢጀምረው ማን ይነሣል? ተራ አለ። ተረኛው ይነሣል፤ ነገር ግን ለራሱ በሬ እንደሚነሣው አይነሣም። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በሬው ቢሞት የሚደርስበት ጉዳት ከብዙ አባላት የአንዱ ድርሻ ነው፤ በሬው ቢድንም ጥቅሙ ያው የአንዱ ድርሻ ነው።

አምራቾቹ ይህን አላወቁም ማለት አይቻልም። ሒሳብ ነበራቸው። የሥራ ነጥብ ይባላል። አባሉ ይሠራል፣ ኃላፊው ይመዘግባል፤ መኸር ሲገባ ለመንግሥት የሚሸጠው ኮታ፣ ግብር፣ ዘርና መጠባበቂያ ተቀንሶ የቀረው በነጥብ ይከፋፈላል። ለሰነፍና ለጎበዝ እኩል ስለሰጡ ወደቁ የሚለው ወሬ እንግዲህ ልክ አይደለም። ሊለዩ ሞክረዋል።

ችግሩ የተቆጠረው ነገር ላይ ነው። ጤፍን አስቡት። መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ዘሩ ደቃቅ ነው። አረሙ በእጅ ይነቀላል። ጥሩ ያረመና ለይምሰል ያረመ ሰው ያን ዕለት አይለዩም። ሁለቱም ወገባቸው ጎብጦ ውሏል፣ ሁለቱም ነጥብ ያገኛሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማን ይለያል? ነጥቡ መገኘትን ይቆጥራል፤ ጤፍ ግን በመገኘት አያድግም።

ሁለተኛው ችግር ቆጣሪው ነው። መቀናጆ ላይ ሒሳቡን የሚይዙት የሚመለከታቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አምራቹ ላይ ደብተሩ በኃላፊው እጅ ነው። ኃላፊው ደግሞ ከወረዳ መመሪያ ይቀበላል። ምርቱ ሲገባ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታውን ቀድሞ በተወሰነ ዋጋ ይወስዳል። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመው ነጥብ መጨረሻ ላይ ስንት ቁና እህል እንደሚሆን አያውቅም። የ1960ውን ቀላድ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ጎጃሜው መቆጠርን አልጠላም። የማያየው ሰው፣ በማያየው ደብተር ሲቆጥረው ነው ያመረረው።

አሟሟቱ

የካቲት 26 ቀን 1982 መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ከአምራች መውጣት የፈለገ መውጣት ይችላል ተባለ። ያኔ የሆነው ነገር ለማንኛውም የወደፊት ዓለም ንድፍ አውጪ ትምህርት ነው። የተኩስ ድምፅ አልተሰማም፣ ስብሰባ አልረዘመም። በጥቂት ወራት ውስጥ በአገሪቱ ከነበሩት አምራቾች እጅግ የሚበዙት ፈረሱ። መሬቱ ተከፈለ፣ በሬዎቹ ተከፈሉ፣ መሣሪያው ተከፈለ። በመንደር ምሥረታ ተሰብስቦ የነበረው ሰውም ምሰሶና ክዳኑን እየተሸከመ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ።

በሬውን ይዞ ቤቱ የገባው ሰው አንድ በሬ ነበረው። አንድ በሬ አያርስም። ስለዚህ ጎረቤቱን ፈለገና ተቀናጀ። በጋራ ማረስ አልቀናውም የተባለው ሰው እንደገና በጋራ ያርስ ጀመር።

ታዲያ ተጠያቂው ተፈጥሮ ነው?

«አየህ፣ ሰው ራስ ወዳድ ነው» የሚለውን ፍርድ እኔ አልቀበልም። ሙከራው ንጹሕ አልነበረም። ግዳጅ ነበረበት፣ ጦርነት ነበረበት፣ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበረበት፣ የተቆረጠ ዋጋ ነበረበት። እንዲህ ባለው ጊዜ መላእክትም ማኅበር ቢያቋቁሙ የሚጸና አይመስለኝም።

«ሥርዓቱ ነው እንጂ ሰውማ ደግ ነበር» የሚለውንም አልቀበልም። ይህ የካድሬ ምላሽ ነው፤ ሰውን እንደ ጭቃ ያየዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ጋሬት ሃርዲን የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጻፈ፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት መጨመሩ ለራሱ ያዋጣዋልና። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ዓለም ላይ ያሉ ግጦሾችን፣ ደኖችንና የመስኖ ቦዮችን ስታጠና ብዙዎቹ ለዘመናት ሳይጠፉ መኖራቸውን አሳየች። በዚያው አቆጣጠር በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም ይህ ሥራዋ ነው የተጠቀሰላት። የጸኑት ቦታዎች የሚጋሩት ባሕርይ አላቸው፤ ድንበራቸው የታወቀ ነው፣ ደንቡን የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፣ ጠባቂው ከመካከላቸው ነው፣ ቅጣቱ በትንሹ ይጀምራል። ጎጃም ውስጥ በባህላዊ መስኖ ላይ የውኃ አባት የሚባለውን ሰው ያየ ይህ ለእሱ አዲስ አይደለም። ውኃውን በተራ ያከፋፍላል፣ ተራ የሰረቀውን ይገሥጻል፣ እሱም ከዚያው ቦይ ይጠጣል።

ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ፣ ፎገራ ውስጥ፣ አውራምባ የምትባል መንደር አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 የመሠረቷት ናት። ሴቱም ወንዱም እኩል ይሠራል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገቢ ለአባላቱ እኩል ይከፋፈላል፣ አቅመ ደካማ ይጦራል። አምራቾቹ ሲፈርሱ እሷ አልፈረሰችም። የሚያስገርመው ግን እኩልነትን በሚሰብከው በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ ሰዎቿ ተሰድደው ወደ ደቡብ መሄዳቸው ነው፤ የተመለሱት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

አውራምባ «ተፈጥሮ አይፈቅድም» የሚለውን ታፈርሳለች? በከፊል አዎ። ግን የገባባት ፈልጎ ነው፣ ያልተስማማው ይወጣል። ብዛቷም ጥቂት መቶ ሰው ነው፤ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ሥራዋ በአብዛኛው ሽመና መሆኑም ሳይረዳት አልቀረም፤ ጋቢ ስንት ክንድ እንደሆነና ጥራቱ ምን እንደሚመስል ማንም ያየዋል። ይህን ወስዶ ለሚሊዮኖች ማባዛት ሌላ ነገር ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሰው የሚቆጥር ፍጡር ነው። ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ፣ ማን ተኛ፣ ማን ሌሊት ተነሣ፣ ሁሉንም ይቆጥራል። ደግነቱም እዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው፤ ጎረቤቱ እንደማይረሳለት ስለሚያውቅ ይሰጣል። የወደፊት ዓለም የሚነድፉ ሰዎች ይህን ቆጠራ ለማጥፋት ሲሞክሩ ይወድቃሉ። ሲያከብሩት ሩቅ ይሄዳሉ።

ማሽኑ ሲመጣስ?

የልብወለዱ ወዳጆች እዚህ ላይ ያቋርጡኛል። «አንተ የምታወራው ስለ እጥረት ነው። ሁሉ ሲትረፈረፍ ማን ይቆጥራል?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን የደጋ ዳሞቱን ሙግት አስታውሱ። ሰው ይሟገት የነበረው ስለራበው ብቻ አይደለም። የአባቱን ማሳ ለባላጋራ ላለመስጠት፣ ድግስ ላይ ከላይ ለመቀመጥ፣ «እገሌ እኮ ርስቱን አስመለሰ» ለመባል ጭምር ነው። እንጀራ በማሽን ሊበዛ ይችላል። ከላይ ያለው መቀመጫ ግን ያው አንድ ነው።

ስለዚህ ብዛት ሲመጣ ቆጠራው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ይህን ክፉ ዜና አድርጌ አልነገርኳችሁም። በድግስ ላይ ስለ መቀመጫ መጣላት ስለ ቁና ከመጣላት ይሻላል፤ ያን ያህል ለውጥ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ማሽኑም ጎጃም ገብቷል፤ በሌላ መንገድ። ኩታ ገጠም ይባላል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጎን ለጎን መሬት ያላቸው ገበሬዎች ተስማምተው አንድ ዓይነት ሰብል፣ አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ሰሞን ይዘራሉ። ከሩቅ ሲታይ አንድ ሰፊ ማሳ ነው፤ ወላንድ ሊያየው የተመኘው ዓይነት። ትራክተር ተከራይተው ያርሳሉ። ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ይመጣል። ነገር ግን ኮምባይነሩ የአያ እንትናን ወሰን ሲጨርስ ይቆማል፣ ምርቱን በእሳቸው ጆንያ ያራግፋል፣ ኪራዩን በኩንታል ይቀበላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። የእሳቸው እህል የእሳቸው ነው። በደንብ ያረመም ያላረመም እዚያው ጆንያው ላይ ይታያል። ሥራው የጋራ፣ ሒሳቡ የየግል። እንደኔ እንደኔ አምራቹ አሥራ አንድ ዓመት ሲፈልገው የኖረው መፍትሔ ይህ ነበር፤ ያኔ ቢሉት ግን ፀረ አብዮት ያሰኝ ነበር።

ሙሉ ስኬት ነው አልልም። በ1989 ክልሉ ውስጥ መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ዘመን ሥልጣን ላይ የነበሩት «ቢሮክራሲ» ተብለው አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ብቻ ቀረላቸው። የአምራች ደብተር ይይዝ ከነበረው ሰው ውስጥ ይህ የደረሰው አለ። ቆጣሪው ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። ያኔ ሕፃን የነበረው፣ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ የተወለደው ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ብዙው መሬት የለውም። ኩታ ገጠሙ ላይ ጆንያ የለውም። አንዳንዱ የአባቱን ማሳ ለእኩል ያርሳል፣ አንዳንዱ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል፣ አንዳንዱ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። ኮምባይነሩ ደግሞ ወንፈል ሄዶ ያገኝ የነበረውን የአጨዳ ቀን ወስዶበታል።

ስለ ሦስት መቶ ዓመቱ ዓለም የሚከራከር ጓደኛዬን አሁን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ማሽኑ ሁሉን ሲሠራ ይህ ልጅ በምን ይቆጠራል? ጉልበቱን አምጥቶ ሒሳብ ውስጥ የሚገባበት በር ከተዘጋ፣ እህሉ ቢትረፈረፍም፣ በማን ደብተር ላይ ነው ስሙ የሚጻፈው?